የጋሽ ይጣራ ልብ አልፈጥንም አለ

ጋሽ ይጣራ ቁልፍ ሠሪ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ከአፉ የማይጠፋውን ቃል ወስዶ ጠራበት። ዝናብ ጀመረ ሲሉት «ይጣራ» ይልና ወጥቶ መዳፉን ይዘረጋል። እከሌ ሞተ ሲሉትም «ይጣራ» ነው መልሱ፤ ሟቹ ራሱ መጥቶ ካልነገረው ለቅሶ አይደርስም እያሉ ያሙታል። በሠርጉ ቀን የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ገልጦ ፊቷን አይቶ ነው ቀለበት ያጠለቀው ይባላል። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። «ውሸት ነው» ትላለች፣ «ሁለት ጊዜ ነው የገለጠው።»

ሱቁ ከአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። ጣሪያው ደረጃው ራሱ ስለሆነ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እያጠረ ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ የሚገባው ድመት ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያልተቀረጹ ቁልፎች በመደዳ ተሰቅለዋል፣ የመቅረጫው ማሽን ሲጮህ የነሐስ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ያርፋል። ከበላዩ የሚወጣና የሚወርደውን ሰው በኮቴው ያውቀዋል። የሦስተኛ ፎቁ የጥርስ ሐኪም ተረከዙን ይጎትታል፣ የሁለተኛ ፎቋ መበለት ሁለት ሁለት ደረጃ ትዘላለች። «በዚህ ዕድሜዋ ምን አስቸኮላት? ይጣራ» ይላል።

ስለ ውፍረቱ ለማውራት ሐሜተኛ መሆን አያስፈልግም፤ ራሱ ቀድሞ ይታያል። በርጩማው ላይ ሲቀመጥ በርጩማው ይጠፋል። ከሱቁ የሚወጣው በጎኑ ነው፣ ያውም ትንፋሹን ስቦ። ጫማውን ለማሰር ከራሱ ጋር ይመካከራል። ይህ ሁሉ ሊፍቱ እስኪበላሽ ድረስ ማንንም አልጎዳም ነበር። ሊፍቱ ከተበላሸ በኋላ ግን በሩ ላይ «በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ፣ ቢጫ ሆኗል፣ ጥገናው ግን አልመጣም። ከላይ ቤት በር የተቆለፈበት ሰው ወደ ጋሽ ይጣራ ሲመጣ፣ ጋሽ ይጣራ ደረጃውን ሽቅብ ያይና የሚስቱን ወንድም ይጠራል።

የሚስቱ ወንድምም ቁልፍ ሠሪ ነው። እንደ ሽቦ የቀጠነ፣ ሞተር ሳይክል ያለው፣ አምስተኛ ፎቅ ደርሶ ሲመለስ እያፏጨ የሚወርድ። ጋሽ ይጣራን የሚያበግነው መውጣቱ ሳይሆን ፉጨቱ ነው። «ሰው ሥራ ሠርቶ ለምን ያፏጫል? አንድ ነገር ቢያገኝ ነው እንጂ።»

አንድ ቀን የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ ሲጋራና ፋይል ከእጁ የማይለይ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሱቁ አንገቱን አስገባ።

«ጋሼ፣ ይህ ክፍል የሕንፃው ቁልፍ ሠሪ ክፍል ነው።»

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

«የሕንፃው ቁልፍ ሠሪ ሕንፃው ላይ የሚወጣ ነው። አንተ ሥሩ ነው ያለኸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ መውጣት ከቻልክ ክፍሉ ያንተ ነው፣ ካልቻልክ ለሚወጣው እሰጠዋለሁ።»

የሚወጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። ያን ቀን ጋሽ ይጣራ ማሽኑን ሳያስነሳ ዋለ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጎበጠው ክፍል ነው፤ ጭንቅላቱን የት የት ጋ እንደሚገጨው በጨለማ ያውቀዋል። ሌላ ሥራም አያውቅም። ደግሞ የሚወስደው ሰው እያፏጨ ነው የሚገባበት።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ራሱን ያመው ጀመር፤ ክሊኒክ ሄደ። ለማንም ሳይናገር ነው የሄደው። ሐኪሙ ክንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ነፋ፣ አየ፣ እንደገና ነፋ።

«ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል። ይህን ክኒን ጠዋት ጠዋት ትውጣለህ። ክብደት መቀነስ አለብህ፣ በእግርህ ሂድ። ቤት ውስጥ ለባለቤትህ ንገራት፣ ታግዝህ።»

ለባለቤቴ! ጋሽ ይጣራ በልቡ ሳቀ። ሚስቱ ፀጉር ቤት አላት። ካስክ በሚሉት ፀጉር ማድረቂያ ሥር የተቀመጠች ሴት ጆሮዋ ስለማይሰማ ሁሉም ነገር በጩኸት ነው የሚነገረው፤ ለሚስቱ የተነገረ ነገር ፀጉሩ ሳይደርቅ ሰፈሩን ይዞራል። ስለዚህ ክኒኑን ሱቁ ውስጥ ባለች ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ከተተው፤ ሳጥኗን በጓጉንቸር ዘጋት፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቶ ይውጣል። ይህ የሙያው ጠባይ ነው። የአንድን ቤት የውጭና የውስጥ በር ቁልፍ ለአንድ ሰው አትስጥ የሚል ሕግ አለው፤ ለደንበኞቹ ሁሉ ይመክራል፤ ስለ ራሱ ሰውነትም እንደዚያው ነው የሚያስበው። አንዱ ግማሹን ይወቅ፣ ሌላው ግማሹን፣ ሙሉውን እሱ ብቻ።

ሚስቱ የምታውቀው ግማሽ ክፍሉን ሊያጣ መሆኑን ነው። «አንተ ሰው፣ ተነስ» አለችው። «አንዲት ደንበኛዬ ጂም ውስጥ አሠልጣኝ ናት። እሷ ደረጃውን ታስወጣሃለች።» ወንድሟም ሰምቶ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዝቶ መጣ። «እንካ ጋሼ፣ ስጦታ ነው» አለና እያፏጨ ሄደ።

ጋሽ ይጣራ ሰዓቱን ገለበጠው። ከሆዱ በኩል አረንጓዴ መብራት ይብለጨለጫል። «ክፍሌን የሚፈልግ ሰው» አለ ለሚስቱ፣ «ክፍሌ ውስጥ የሚያቆየኝን ነገር ለምን ይገዛልኛል?»

«ወንድሜ ነዋ!»

«እሱንም ነው የምልሽ።»

አሠልጣኟ ወጣት፣ ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ናት። ጋሽ ይጣራ ፈገግታዋንም አልወደደውም። ዕድሜውን ጠየቀችው፤ ሃምሳ ሁለት አላት፤ መታወቂያ እንድትጠይቀው ጠበቀ፣ ሳትጠይቀው ስትቀር ቅር አለው። ከዚያ አስረዳችው። ሰው ሰውነቱ ሲከብድ ዝም ብሎ ቢሮጥ ጉልበቱም ልቡም ይጎዳል፣ ዝም ብሎ ቢንሸራሸር ደግሞ ለውጥ አያመጣም፤ ስለዚህ ልቡን ሰምቶ ነው ልኩን የሚያውቀው። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜውን ትቀንሳለች፣ ከዚያ ላይ ይህን ያህሉን ትወስዳለች፤ ለእሱ በደቂቃ ከመቶ አምስት እስከ መቶ ሃያ አምስት ምት ወጣለት። ከዚያ በታች ሲሆን ሰዓቱ እጁ ላይ አንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ፍጠን ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለቴ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስ በል ማለት ነው።

«ልብዎን አሞዎት ያውቃል?»

«የለም።»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ ጋሼ?»

ጋሽ ይጣራ ፀጉሯን አየ። ተተኩሷል፣ ያውም በሚስቱ እጅ፣ ያውም ትናንት። ለዚህች ልጅ ዛሬ የነገረው ነገር ቅዳሜ ካስክ ሥር ይጮሃል።

«የለም» አለ።

እንግዲህ መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ይጣራ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ዳር ባለው መንገድ መሄድ ጀመረ። ላብ ከጆሮው ሥር ይወርዳል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይለጠፋል፣ ሰዓቱን ያያል፤ ሰማንያ ስምንት። ሰዓቱ አንዴ ይንቀጠቀጣል። ፍጠን። ይፈጥናል። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይላል፤ ዘጠና ሦስት። ፍጠን። መንገድ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን አስደግፋ «አይዞዎት አባቴ፣ ማን ነው የሚያባርርዎት?» አለችው። መልስ ለመስጠት እንኳ ትንፋሽ አልነበረውም፤ በጣቱ ሰዓቱን አሳያት። እሷም የረፈደበት መስሏት «በሉ በሉ፣ ፈጠን ይበሉ» አለችው። እሷም ከእነሱ ወገን ናት አለ በልቡ።

ሰዓቱ የታዘዘ ነገር መሆኑን ያን ቀን አመነ። ቤት ሲገባ አውልቆ በሚስቱ እጅ ላይ አሠረው። «ደጅ ድረስ ሄደሽ ተመለሺ» አላት። ሄዳ ተመለሰች፤ መቶ ሃያ ሁለት። የሕንፃውን ዘበኛ ጠርቶ አሠረለት፤ ከአንደኛ ፎቅ ሲወርድ መቶ ሠላሳ። የጥርስ ሐኪሙን ታካሚ ሳይቀር ለመነ፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ገና የማሽኑን ድምፅ ሲሰማ መቶ አርባ ደረሰ። ለሁሉም በትክክል ይቆጥራል፤ ለእሱ ሲሆን ይሰርቃል። ግራ እጁን ትቶ በቀኝ አሠረው። አጠበቀው፣ አላላው። ዘጠና አንድ።

«የኔን ልብ ለይቶ አውቆታል» አለ ለሚስቱ።

«ሰዓት ልብ ምን ያውቃል?»

«ወንድምሽን ጠይቂው።»

«ወይ ጉዴ! ወንድሜ ሊገድልህ ፈልጎ በሰዓት ነው የሚገድልህ? በሞተር አይገጭህም ነበር?»

ጋሽ ይጣራ ይህን አሰበበት። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፣ ማለቴ ለጠላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተር ሳይክል ሲሰማ ግድግዳ ይጠጋል።

ለአሠልጣኟ ቁጥሩን ሲነግራት እሷም ግራ ገባት። «ምናልባት ገና እየፈሩ ነው፣ ትንሽ ጠንከር ይበሉ» አለችው። እሱ ግን ሌላ ነገር ገባው። ሁሉም አብረው ናቸው፤ ሊያሳዩት የሚፈልጉት እንደማይችል ነው። እንግዲያው ያችን መቶ አምስት በጉልበት አወጣታለሁ አለ። ያውም በሕንፃው ደረጃ ላይ፣ አስተዳዳሪው እያየ።

አስተዳዳሪው የዚያን ቀን አልነበረም። ጋሽ ይጣራ አንደኛውን ፎቅ ወጣ፤ ዘጠና። ሁለተኛውን እየጎተተ ወጣ፤ ዘጠና አምስት። ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ይሳደባል። ሦስተኛው ላይ ደረጃውን ሊሮጥበት ሞከረ፤ ሮጠም፣ የሮጠው ግን ከወገቡ በላይ ነበር፣ እግሮቹ አልተከተሉም። ዓይኑ ጨለመ፣ ጆሮው ውስጥ ውሃ ፈሰሰ፣ የደረጃውን ብረት ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከላይ ፉጨት ይሰማል። ፉጨቱ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ተቋረጠ።

«ጋሼ!» የሚስቱ ወንድም የመሣሪያ ቦርሳውን ወርውሮ ጎኑ ተንበረከከ። «ጋሼ፣ ስማኝ! ምን ሆነሃል?»

ጋሽ ይጣራ በግማሽ ዓይኑ አየው። «መጣህ?» አለው፣ «ትንሽ አትታገስም ነበር?»

የጥርስ ሐኪሙና የሚስቱ ወንድም ግራና ቀኝ ይዘው አወረዱት። ሁለቱ ሲወርዱ አራት ጊዜ ቁጭ ብለዋል፤ ጋሽ ይጣራ በኋላ «ሊጥሉኝ ቦታ እያማረጡ ነበር» ብሏል። ክሊኒክ ሲደርሱ ሚስቱ ማበጠሪያ ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ መጣች፣ አሠልጣኟም ከኋላዋ። እናም ጋሽ ይጣራ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፈጸመ፤ ግማሽ ግማሹን የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ በአንድነት ቆሙ።

«ምን ስትሠራ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ልቡን መቶ አምስት ላድርስ ብሎ ነው» አለች ሚስቱ።

«ከየት የመጣ መቶ አምስት?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አለች አሠልጣኟ፣ ፈገግታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ። «በዕድሜያቸው አስልቼ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «የሚወስደውን ክኒን አልነገረሽም?»

«ክኒን?» አለች አሠልጣኟ።

«ክኒን?» አለ የሚስቱ ወንድም።

ሚስቱ ማበጠሪያዋን ከፀጉሯ ነቀለች። ያ ነው የከፋው።

ሐኪሙ አስረዳ። ይህ ክኒን ልብ እንዳይፈጥን ወደኋላ የሚይዝ ክኒን ነው። የሚወስደው ሰው ላቡ እስኪንጠባጠብ ቢሠራ እንኳ ምቱ እንደ ሌላው ሰው አይወጣም። ስለዚህ በዕድሜ ብቻ የተሰላው ቁጥር ለእሱ አይሆንም፤ እዚያ ካልደረስኩ ብሎ ሲታገል ከልኩ እጅግ አልፎ ሄዷል። ሰዓቱ እውነቱን ነበር የሚናገረው።

«እንግዲያው ክኒኑን ልተወው» አለ ጋሽ ይጣራ።

«በፍጹም! እንዲህ ያለ ክኒን በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደጋ ነው። የምትተወው መደበቁን ነው።»

አሠልጣኟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ቁጥሩን እንርሳው። በትንፋሽዎ እንሥራ። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃትዎት፣ ልኩ እሱ ነው። መዝፈን ከቻሉ ጠንከር ይበሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃትዎት ደግሞ ወዲያው ቀስ ይበሉ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀስ በቀስ ወደ ደረጃ።»

ጋሽ ይጣራ ሁሉንም በየተራ አያቸው። ስለ ራሱ ለማንም የማይናገር ሰው፣ ለመዳን ማውራት ታዘዘለት። «ይህን ማን ነው ያሰበው?» አለ በመጨረሻ፣ ሚስቱን እያየ።

በማግስቱ ሚስቱ ፀጉር ቤቱን አርፍዳ ለመክፈት ወሰነችና አብራው ወጣች። እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ሄዱ።

«አውራ» አለችው።

«ምን ላውራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ካላወራህ ልክህን በምን እናውቃለን?»

«አየሩ ጥሩ ነው።»

«ይህ አይቆጠርም። ረጅም አርገው።»

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ስለ ጓጉንቸር ዓይነቶች አወራ፤ ሚስቱ ልታንቀላፋ ደረሰች። ጓጉንቸሩ ሲያልቅ ሌላው ወጣ። የልብስ ቁም ሣጥኑ ላይ ሦስት መቆለፊያ የገጠመው ውስጡ ምንም ስለሌለ መሆኑን፣ ባዶነቱ እንዳይታወቅበት ብሎ። ቀትር ላይ ከፀጉር ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ የሚባለውን እንደሚያዳምጥና፣ ስለ እሱ ምንም ሳይባል ሲቀር እንደሚከፋው። ሚስቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቀጥሎ ደግሞ አልሳቀችም። ያ ሁሉ ወሬ ቅዳሜ ካስክ ሥር ደረሰ? የደረሰው ሩቡ ብቻ ነው። ሦስት እጁን ለራሷ አስቀረችው፤ ይህም ሰፈሩን በጣም አስቀይሟል።

«ወንድሜ ያንን ጉድጓድ አይፈልገውም» አለችው አንድ ጠዋት፣ ከድልድዩ ማዶ ባለው ዳገት ላይ። «ሲያስበው ወገቡን ያመዋል። በሞተሩ እየዞረ መሥራት ነው የሚወደው። ሰዓቱን የገዛልህ አንተ ከወደቅክ አስተዳዳሪው ክፍሉን እንዳይለጥፍበት ፈርቶ ነው።»

ጋሽ ይጣራ ቆመ። ለራሱ ጥቅም ብሎ ነው ማለት ነው! ከክፉ ሰው ጋር እንጂ ከደግ ሰው ጋር መኖር የማይችለው ጋሽ ይጣራ፣ ይህን ሲሰማ የሚስቱን ወንድም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደው።

ወራት አለፉ። ከዳገት ወደ ደረጃ ተሸጋገረ፣ አንድ ፎቅ፣ ከዚያ ሁለት። ሆዱ ብዙም አልጎደለም፤ በርጩማው ግን ጠርዝ ጠርዙ መታየት ጀምሯል። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀጭን ሰው በነጠላ ጫማና በሸሚዝ ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። የአምስተኛ ፎቅ አዲስ ተከራይ ነኝ አለ። ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ በሩ ከኋላው ተዘጋበት፤ ምድጃው ላይ ድስት ጥዷል። ለሚስቱ ወንድም ስልክ ተደወለለት፤ ከተማው ማዶ ነው። አስተዳዳሪው ሲጋራውን እየረገጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ወይ ውጣ፣ ወይ በሩን አሰብራለሁ።»

ጋሽ ይጣራ ቦርሳውን አነሳ። «ሁለታችሁም ተከተሉኝ። እየወጣሁ የምጠይቀው ነገር አለ።»

በር ከመክፈቱ በፊት ሰውየው እውነት ባለቤት መሆኑን ያጣራል፤ ሙያው ነው። አሁን ደግሞ ጥያቄው ሁለት ሥራ ይሠራል።

«ስትገባ በግራህ ምን አለ?» አለ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ በረጋ እርምጃ።

«ሶፋ... አረንጓዴ...» ሰውየው ሮጦ ስለወረደ ገና ከአሁኑ ያለከልካል።

«ክንዱ ደህና ነው ወይስ የተቀደደ? መጋረጃውስ ወፍራም ነው ስስ? ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» ጋሽ ይጣራ ሁለተኛውን ፎቅ ጨረሰ፤ ትንፋሹ ከፍ ብሏል፣ ቃሉ ግን ሙሉ ነው።

ሰውየው እጁን አወዛወዘ። አስተዳዳሪው ከሁለቱም ኋላ እያሳለ ነው።

«አይመልስም» አለ ጋሽ ይጣራ። «ወይ ሌባ ነው ወይ ስፖርት አይሠራም። ሁለቱም ይጣራ።»

ሦስተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ፣ ያን ቀን የተቀመጠበት ደረጃ ላይ፣ የራሱ ንግግር መሃል ላይ ተሰበረ። «ለመሆኑ ድስቱ ውስጥ...» አለና ቀጣዩ ቃል አልመጣም። ወዲያው ቆመ።

«ምን ይቆማሉ! ቤቴ እየተቃጠለ ነው!» ጮኸ ሰውየው።

ጋሽ ይጣራ ጣቱን አነሳ። አንዴ ተነፈሰ፣ እንደገና ተነፈሰ። «ዓረፍተ ነገሬን... ልጨርስ። ለመሆኑ ድስቱ ውስጥ የጣድከው ምንድን ነው?»

«ድንች!»

«ይኸው፣ አሁን ሁለታችንም ደህና ነን» አለና ቀጠለ፣ አንድ አንድ ደረጃ፣ ስለ ድንች እየጠየቀ። አራተኛው ፎቅ ላይ ሌላ ጊዜ አረፈ። አምስተኛው ላይ ቦርሳውን ከፈተ። ቀጭኗን ብረት አስገባ፣ አዳመጠ፣ ገፋ። በሩ ተከፈተ። ጭስ ወጣ፣ ሰውየው ወደ ምድጃው ሮጠ። ጋሽ ይጣራ ግን አንገቱን አስግጎ በግራ በኩል አየ። አረንጓዴ ሶፋ፣ ክንዱ የተቀደደ። «የራሱ ነው» አለ።

ዞር ሲል አስተዳዳሪው ከመጨረሻዎቹ ደረጃዎች አንዱ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ቀልቷል፣ ክራቫቱን ፈትቷል።

«ክፍሉ...» አለ አስተዳዳሪው፣ «ክፍሉ... ያን...»

«ምን አልክ?»

«ያንተ...»

«ቆይ» አለ ጋሽ ይጣራ። «በዚህ ትንፋሽ የተነገረ ነገር አልቀበልም። ነገ አላልኩም ትላለህ። መጀመሪያ ተንፍስ፣ ከዚያ ሙሉውን፣ ሰውየው በሚሰማበት፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ትነግረኛለህ።»

ቦርሳውን አስቀምጦ ከጎኑ ተቀመጠና ጠበቀው።